ከከተማው በፊት ሠፈሩን ምረጡ

የዛሬው መልሳችን «የሁለት ልጆች እናት፣ ከሳሪስ» በሚል ፊርማ ለደረሰን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥረን እናቀርበዋለን።

«እኔና ባለቤቴ ሳሪስ አካባቢ ከአከራዮቻችን ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ስንኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ የመድን ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ አያት አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ሲኤምሲ በየሰው ቤት እየዞረ ያስጠናል። የማስጠናቱ ገንዘብ በሙሉ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሚገባ አንደኛ ክፍል የሆነው ልጃችን አባቱን በሥራ ቀን ነቅቶ አያየውም። ሴቷ ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ናት። የባለቤቴ እናትም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ለዓይናቸውም ምኒልክ ሆስፒታል ይከታተላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቱሉ ዲምቱ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ደርሶን ሩቅ ነው ብለን አከራይተነዋል፤ ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ ብዙም አይተርፈውም። አሁን አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው እንደሚፈልጉት፣ ካልሆነም ኪራዩን በእጥፍ እንደሚያሳድጉት ነገሩን። በዚሁ መሃል ለባለቤቴ ሐዋሳ ከሚገኝ ትምህርት ቤት የሥራ ጥሪ መጣለት። ለፋሲካ ዘመድ ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሣና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ‹አዲስ አበባ የሰው መኖሪያ መሆኗ ቀርቷል፤ ዕድሜያችሁን መንገድ ላይ ከምትጨርሱት ሂዱ› አለን። ግማሹ ደግሞ ‹ሰው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ እናንተ ከውስጧ ልትወጡ ነው?› አለን። ባለቤቴ ከፊተኞቹ ጋር ነው፣ እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ለመሆኑ እንዲህ እየተለጠጠች በምትሄድ ከተማ መኖር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ማንኛችን ነን ትክክል?»

ውድ እህታችን፣

በቤታችሁ የተነሣው ክርክር በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች በየበዓሉ የሚነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳይቋጭ የሚበተን ነው። የማይቋጨውም ሁለቱም ወገኖች እውነት ስላላቸው ነው። ዕድሜ መንገድ ላይ እያለቀ ነው የሚሉት ዘመዶቻችሁ አልዋሹም፤ ሰው ወደዚህች ከተማ የሚጎርፈው በከንቱ አይደለም የሚሉትም አልተሳሳቱም። እኔ ግን አዲስ አበባ መኖር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ ልሰጥዎት አልችልም። ሳሪስ አድሮ በባቡር ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ ሰው እና ሳሪስ አድሮ አያት የሚያስተምር ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ቢተኙም የሚኖሩባት ከተማ አንድ አይደለችም። እርስዎና ባለቤትዎ በአንዲት ከተማ ላይ ሁለት ፍርድ የሰጣችሁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ስለ አዲስ አበባ የምታደርጉትን ክርክር ለጊዜው ትታችሁ ስለ ሠፈራችሁ እንድትነጋገሩ እመክራለሁ፤ የምትተኙበትን ቤት ብቻ ሳይሆን ሥራችሁ፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት፣ የእናታችሁ ሐኪምና ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደርስላችሁ ጎረቤት ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚገኙ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ጥቂት ማስታወስ ለውሳኔያችሁ ይረዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩበት ጊዜ ጀምሮ ያደገችው በሠፈር በሠፈር ነው። መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ሲሰፍሩ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁ በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ፤ ደጃች ውቤ ሠፈርን የመሰሉ ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። በዚህ አኳኋን የተቆረቆረ ሠፈር ሀብታሙንና ድኻውን አጎራብቶ ያኖር ነበር፤ ቤትና ሥራም እንደ ዛሬው አልተራራቁም ነበር። የከተማዋ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረውን ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሁሉ ያየዋል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር እንደ ገርጂና ጎተራ ባሉ ከመሃል ከተማ በማይርቁ ቦታዎች ላይ ነበር፤ ባዶ መሬት እያነሰ ሲሄድ ግን ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬና ወደ ቦሌ አራብሳ ወጣ። ያ መሬት የገበሬ ማሳ ነበር። የእኛ የቤት ጥያቄ ሲመለስ ከእርሻቸው የተነሡት ገበሬዎችና ልጆቻቸው ያጡት ነገር፣ ከተማዋ ሰፋች ጠበበች እያልን ስንከራከር ተረስቶ መቅረት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ቤቱ እንዲህ ወደ ዳር ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አልተከተለውም፤ ባንኩ፣ የመድን ድርጅቱ፣ ሚኒስቴሩና ትልልቁ ሆስፒታል በአብዛኛው በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስ፣ በቦሌ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ቀረ። በየማለዳው ከዳር ወደ መሃል፣ በየምሽቱ ከመሃል ወደ ዳር የሚጎርፈው ሰው የዚህ መራራቅ ውጤት ነው። የባለቤትዎም ድካም ከዚሁ የመጣ እንጂ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ጥፋት ያመጣው አይደለም፤ ይህን ለራሳችሁ ደጋግማችሁ ብትነግሩት በቤት ውስጥ ያለው ንግግር ይለዝባል።

እርስዎ ለመቆየት የሚያቀርቡት ምክንያት ከባድ ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። በአገራችን ከፍተኛ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በዋና ከተማዋ ተከማችቶ ኖሯል። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ታማሚ እናት ይዞ ከአዲስ አበባ መራቅ ለምን እንደሚያስፈራ ይገባዋል። ሥራም እንዲሁ ነው፤ ከሁለት አንዳችሁ ሥራ ብታጡ በትልቅ ከተማ ሌላ በር የማንኳኳት ዕድል አላችሁ፣ በትንሽ ከተማ ግን የእርስዎን ሙያ የሚፈልጉት መሥሪያ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ከተማዋ ያላት ነገር የእናንተ የሚሆነው ስትደርሱበት ብቻ ነው። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስምንተኛ ክፍል ለሆነች ልጅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ይዟት የሚሄድ አባት ቅዳሜም በሰው ቤት የሚያስጠና፣ እናቷም ቅዳሜን በልብስ አጠባና በገበያ የምትጨርሰው ከሆነ፣ ልጅቷ ከቤተ መጻሕፍቱ የምታገኘው ጥቅም ሐዋሳ ካለች ልጅ አይበልጥም። ዘመዶቻችሁ ከተማዋ ውስጥ ያለውን ሲዘረዝሩላችሁ፣ እናንተ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ዝርዝር ስንቱን እንደተጠቀማችሁበት በወረቀት ላይ ጻፉ። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ለመቆየት የሚያበቃው ምክንያት ይህ አይደለም ማለት ነው፤ ከሕክምናውና ከሥራው በቀር።

ባለቤትዎን በተመለከተ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ፣ ልባቸው የተማረከው በሐዋሳ አለመሆኑን ነው። ልጃቸው ነቅቶ የማያያቸው አባት ከተማ መቀየር የተመኙት ለሐይቁ ወይም ለአየሩ ብለው አይመስለኝም፤ ከልጆቻቸው ጋር እራት መብላት ናፍቀዋል። ይህን ናፍቆት በሐዋሳ ጉዳይ ላይ በመከራከር አያሸንፉትም፤ መሸነፍም የለበትም። ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «የሐዋሳው ጥሪ ባይመጣ ኖሮ ምን ቢስተካከል እዚሁ ደስ ብሎህ ትኖር ነበር?» መልሳቸው «ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤት ብገባ» የሚል ከሆነ፣ እርስዎና እርሳቸው የምትፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ በሁለት የከተማ ስም ስትጣሉ ከርማችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ አስሉ። ባለቤትዎ በየማታው የሚያስጠኑት ለቤት ኪራይ ነው፤ ኪራዩ የሚከፈለው የራሳችሁ ቤት ሩቅ ስለሆነ ነው። ማለትም ከቱሉ ዲምቱ መንገድ ለመዳን ብላችሁ የባለቤትዎን ማታ በሙሉ ከፍላችኋል። ሳሪስ የምትከፍሉት ኪራይ፣ በዚያ ላይ የተጠየቃችሁት ጭማሪ፣ የባለቤትዎ የታክሲ ወጪ በአንድ ወገን፤ ከኮንዶሚኒየሙ የምታገኙት ኪራይ በሌላ ወገን ይጻፍ። ቤታችሁ ብትገቡ የባንኩ ዕዳ ከደመወዛችሁ ይወጣል፤ በምትኩ የሳሪሱ ኪራይ ይቀራል። የእኔ ግምት የማስጠናቱ ሥራ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም በግማሽ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው፤ ትክክለኛውን ግን ቁጥሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ የሒሳብ ባለሙያም በቤቱ አለች።

ስለ ሐዋሳ የምናገረው በአክብሮት ነው፤ ብዙ ሰው በሰላምና በጤና ልጆቹን ያሳደገባት የተወደደች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳማ በመሆኑ ተማሪው በብስክሌት፣ ሠራተኛው በባጃጅ ወይም በእግሩ ከቤቱ ሥራው ይደርሳል፤ ባለቤትዎ የሚናፍቁት የእራት ሰዓት እዚያ በእርግጥ ይገኛል። ነገር ግን ከሚያድግ ከተማ ሸሽቶ ወደማያድግ ከተማ የሚኬድ አይምሰላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተና ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ ወደዚያ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነው፤ የቤት ኪራይ ጉዳይም አብሮ ይጠብቃችኋል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወባ ያለባት አካባቢ ናት፤ ለስኳር ሕመምተኛ አረጋዊት ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እርስዎ ሥራዎን ትተው ነው የሚሄዱት፤ ባለቤትዎ የማስጠናቱን ገቢ ትተው ነው የሚሄዱት። ልጆቻችሁ የሚገቡበት ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምርና ምን ተጨማሪ ቋንቋ እንደ ትምህርት እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚለያችሁ መንገድም 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዓይን ክትትል በየጊዜው የሚመላለሱት ግን ባለቤትዎ ሳይሆኑ እናታቸው ናቸው። «እርሱ ይሂድና እኛ ቆይተን እናያለን» የሚለውን መንገድ ደግሞ አልመክረውም። ልጃቸውን በሥራ ቀን ስላላዩ ያዘኑ አባት በወር አንዴ ወደሚያዩበት ኑሮ ቢገቡ የተነሡለት ነገር ሁሉ ይፈርሳል።

ቱሉ ዲምቱን በተመለከተም አላቆላምጥልዎትም። ከሜክሲኮ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አሁን ከሳሪስ የሚሳፈሩበት ባቡር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ከቤት እስከ ቃሊቲ በታክሲ ወይም በሃይገር፣ ከዚያ በባቡር መሄድ ይኖርብዎታል። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከነበሩት ያነሱ ባቡሮች ስለሚመላለሱ መጠበቂያው ይረዝማል፤ በጎ ጎኑ ከመነሻው ስለሚሳፈሩ መቀመጫ የማግኘት ዕድልዎ ከሳሪስ የተሻለ መሆኑ ነው። ውኃው በፈረቃ ስለሆነ ቤታችሁ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ደረጃ መውጣት የሳምንቱ ሥራ አካል ይሆናል፤ ለዚህም ነው በየብሎኩ ሥር ሮቶ ተደርድሮ የሚታየው። ሳሪስ በግቢው ተዘርግቶ የሚውለው የበርበሬና የሽሮ እህል በረንዳ ላይ ቦታ አያገኝም፤ የምትጋግሩበት፣ ለበዓል የምታርዱበት ቦታ ከጎረቤት ጋር በጋራ የምትጠቀሙበት ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ላስፈራዎት ሳይሆን፣ ሰው ቤቱን በእሑድ ከሰዓት በኋላ ጎብኝቶ «ጥሩ ነው» ብሎ ከወሰነ ሰኞ ማለዳ ስለሚያዝን ነው። ሁለታችሁም ፈቃድ ጠይቃችሁ አንድ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ተገኙና ከዚያ ወደ ሥራችሁ ሂዱ፤ ማታም በሠራተኛ መውጫ ሰዓት ወደዚያው ተመለሱ። ከተከራካሪ ዘመድ ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ቀን ብዙ ይነግራችኋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኝ አልጻፉልንም። አብዛኛዎቹ የ20/80 ሕንፃዎች አሳንሰር የሌላቸው በመሆናቸው ዓይናቸው ለደከመ አረጋዊት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ እንደ እስር ነው፤ ወርደው ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ጎረቤት ቡና መጠጣት ያቆማሉ። እንዲህ ከሆነ የራሳችሁን ቤት አከራይታችሁ እዚያው ሳይት ውስጥ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ተከራዩ፤ በአንድ ሳይት ውስጥ ያለ የኪራይ ልዩነት ከሳሪስ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። በረጅሙ ደብዳቤዎ ውስጥ የአጎት፣ የአክስት፣ የባል፣ የራስዎም ሐሳብ ተጽፏል። አማትዎ ምን እንዳሉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ምናልባት አልተጠየቁ ይሆናል፤ ተጠይቀውም «እናንተ እንዳላችሁ» ብለው ይሆናል። በእርሳቸው ዕድሜ ያለች እናት «እናንተ እንዳላችሁ» የምትለው ሸክም ላለመሆን ብላ እንጂ ሐሳብ ስለሌላት አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት በኖሩበት ሠፈር ዕድር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ ሲታመሙ ግቢውን አቋርጦ የሚጠይቃቸው ሰው አላቸው። ወጣት ሰው ሠፈር ሲቀይር አዲስ ወዳጅ ያፈራል፤ አረጋዊት ግን ከዕድሯ ስትለይ በሞቷ ጊዜ ማን ይቀብረኛል ብላ ታስባለች፤ ይህን ሐሳብ ለልጆቿ አውጥታ አትናገረውም። ስለዚህ ባለቤትዎ ብቻቸውን ከእናታቸው ጋር ይቀመጡ፤ እርስዎ እዚያ ባይኖሩ ይመረጣል፣ እናት ለምራቷ የማትለውን ለልጇ ትላለችና። ብዙ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች የሚያደርጉትን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ፦ የሳሪሱን ዕድር መዋጮ ሳታቋርጡ በአዲሱ ሠፈር ደግሞ ሌላ ዕድር መመዝገብ። ሁለት መዋጮ መክፈል ወጪ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ወጪዎቻችሁ መቅረት የሌለበት ይህ ነው እላለሁ። ለሕክምናቸው ደግሞ በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ የስኳሩ ክትትል ወደዚያ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ። የዓይኑን ክትትል ግን አታዛውሩት፤ በተወሰነ ጊዜ አንድ ቀን ምኒልክ ሆስፒታል ይዞ መሄድ የሚቻል ነገር ነው።

የአከራያችሁን ጥያቄ በተመለከተ መብታችሁን እወቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ጭማሪም በዘፈቀደ ሳይሆን በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። «በእጥፍ» የሚባል ጭማሪ በዚህ አዋጅ ቦታ የለውም። ውላችሁ የቃል ከሆነ ወይም ካልተመዘገበ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይሁን እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ግቢያቸውን ካካፈሏችሁ ሰዎች ጋር ተካስሳችሁ እንድትለያዩ አልመክርም፤ ሕጉን አውቃችሁ በትሕትና «እስከ ነሐሴ ጊዜ ስጡን» ብትሉ ሳትጣሉ ትወጣላችሁ። ያው አዋጅ እናንተንም እንደሚይዛችሁ ደግሞ አትርሱ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖረው ተከራያችሁ በድንገት ውጣ ሊባል አይገባም፤ ውሉን አውጥታችሁ የሚያልቅበትን ቀን ተመልከቱ፣ አስቀድማችሁም ንገሩት። እናንተን ያሳዘነውን ነገር በሌላ ቤተሰብ ላይ ካደረጋችሁ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳችሁም።

የእኔን ፍርድ ከጠየቁኝ እነሆ፦ አዲስ አበባ ቆዩ፣ ሳሪስን ልቀቁ፣ ኑሯችሁን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቡ። ባለቤትዎ አያት ማስተማራቸውን ቀጥለው ቱሉ ዲምቱ ብትገቡ ግን ምንም አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ ቤት ከመቀየር በፊት ሥራ ይቀየር። መምህርነት በየሠፈሩ የሚፈለግ ሙያ ነው፤ በአዳዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች የግል ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፣ ልጁን ማስጠናት የሚፈልግ ወላጅም እዚያው ብሎክ ውስጥ አለ። ደመወዙ ከአያቱ ጥቂት ቢያንስ እንኳ ከታክሲው የሚተርፈውንና ከልጆቹ ጋር የሚውለውን ሰዓት ደምሩበት። ለእርስዎም መሥሪያ ቤትዎ ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ሳሪስ አቅጣጫ ቅርንጫፍ ካለው የዝውውር ማመልከቻ አሁኑኑ ያስገቡ፤ መልሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቤት እስክትቀይሩ አትጠብቁ። ባለቤትዎ እስከ ነሐሴ በአካባቢው ሥራ ካላገኙ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ፤ በዚያን ጊዜ ሐዋሳን በድጋሚ አንሡት፣ እርስዎም «አይሆንም» ብለው አይጀምሩ።

ሴት ልጃችሁ የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተናዋን ሰኔ ላይ እስክትጨርስ ድረስ ከቤቱ አንድ ዕቃ አይነቃነቅ፤ የምትሄዱበትን የት እንደሆነ ባታውቁትም መቼ እንደሆነ ግን ለእርሷ ዛሬ ንገሯት፣ ትልልቆቹ በየማታው ሲከራከሩ የምታጠና ልጅ ከሁላችሁም ይልቅ ተጨንቃለችና። ፈተናው እንዳለቀ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባበትን ትምህርት ቤት አይታችሁ መሸኛዋን አውጡ፤ የትንሹም እንዲሁ። የሐዋሳውን ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ መልስ አታቆዩት፤ መምህር እየጠበቀ ነው። የመልሱን ደብዳቤ ባለቤትዎ ራሳቸው ይጻፉት፤ ነገር ግን «ባለቤቴ እምቢ ስላለች» ብለው በልባቸው ይዘው ሳይሆን፣ እናታቸውን ጠይቀው፣ ሒሳቡን አይተው፣ ያን የሰኞ ማለዳ መንገድ ከእርስዎ ጋር ሄደው ካዩት በኋላ ይሁን፤ እስከዚያው ትምህርት ቤቱን የአንድ ሳምንት ጊዜ ቢጠይቁት አይከፋም።